ባለ አረንጓዴ ካፖርቷ ሴት

ፈጣሪ ድምፅ ሲያድል ለዚህ ሰውዬ ሳይሰፍር ነው የደፋለት። ጥሩምባው ይሉታል። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከሚስቱና ከደመወዝ ከፋዩ በቀር የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም። በወጣትነቱ የአውቶቡስ ረዳት ነበር። በር ላይ ተንጠልጥሎ መድረሻውን ሲጣራ ማዶ ያለ ተሳፋሪ ጫማውን ሳያስር ይሮጥ ነበር ይባላል፤ ትንሽ ሳይጋነን አልቀረም፣ ግን ድምፁን የሰማ ሰው አይከራከርም። ጉልበቱን ሲያመው ረዳትነቱን ተወና የጤና ጣቢያው ተራ አስከባሪ ሆነ። አውቶቡሱን ተወ እንጂ አፉን አልተወም።

አዳራሹን ላሳያችሁ። አግዳሚ ወንበሮች በረድፍ ተደርድረዋል፤ መሃሉ ላይ ሰው የሚከልል ወፍራም ዓምድ ቆሟል፤ በአንድ በኩል የካርድ መስኮት፣ በሌላው በኩል ወደ ሐኪሞቹ ክፍሎች የሚያስገባ ኮሪደር። የኮሪደሩ መጨረሻ የሴቶች ሐኪሟ ክፍል ነው። የዚያ ክፍል በር መያዣው ላልቶ አልገጥም ብሏል፤ ዘግተውት ዘወር ሲሉ ቀስ ብሎ ገርበብ ይላል። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አላሠራውም።

ጥሩምባው ከመምጣቱ በፊት አዳራሹ ትርምስምሱ የወጣ ነበር። ጥርሱን ያመመው ሰውዬ ክትባት ክፍል ተሰልፎ ይውላል፤ ልጇን ያዘለችው ዓይን ምርመራ ገብታ ትቆጣለች። እሱ መላ ፈጠረ። ካርድ ሰጪዋ የሕመሙን ዓይነት ከስሙ ሥር ትጽፋለች፤ እሱ ካርዱን ተቀብሎ ስም፣ ሕመምና ክፍል በአንድ ትንፋሽ ይለቀዋል። መንገደኛ፣ ሻንጣና መድረሻ እንደ ማለት ነው። «ወገቡን ያመመው፣ በስተግራ ሁለተኛው በር! ሳልና ትኩሳት፣ ቀጥታ!» ትርምሱ ጠፋ። ኃላፊው ትከሻውን መታ መታ አድርገው «አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር» አሉት። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው!

ለሴቶቹ ክፍል ደግሞ የተለየ ጥሪ ነበረው። «መጨረሻ ፌርማታ! ማህፀን ወራጅ!» ይላል፣ እጁን እንደ ድሮው አፉ ላይ ክብ አድርጎ። ቀጥሎ የሴትየዋን ስም ከነአባቷ፣ ቀጥሎ ሕመሟን አንድም ሳያስቀር። አዳራሹ ይስቃል። ሴትየዋ ትነሳለች፣ ሻርፗን ወደ ፊቷ ትስባለች፣ ያንን ሁሉ የተቀመጠ ሰው ጉልበት እየተሻገረች ወደ ኮሪደሩ ትሄዳለች። እሱ ሆዬ ጭንቀቷን ያቀለለላት ይመስለዋል! ክፉ ሰው አልነበረም እኮ፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ሰድቤው እገላገል ነበር።

ከጨዋታዎቹ ሁሉ የሚወደው የባለ አረንጓዴ ካፖርቷን ሴት ታሪክ ነበር። አንድ ቀን ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ሻይ ቤቱ ተዘግቶ አገኘውና ቶሎ ተመለሰ። ገና እንደገባ አንዲት መምህርት ለመጨረሻው ፌርማታ ጠራ፤ የሚፈስሳትን ደም እንኳ አልተወላትም። ይኼኔ ከዓምዱ ጀርባ አረንጓዴ ካፖርት የለበሰች፣ እስከ ዓይኗ የተሸፋፈነች ሴት ብድግ ብላ በበሩ እልም አለች። ጥሩምባው ከኋላዋ ለቀቀባት። «እህቴ! በጥሪ ብቻ ፈወስኩሽ እኮ! ሐኪም ምን ሊሠራ!» ሰዉ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ታሪኩን ሻይ ቤት አወራው፣ ፀጉር አስተካካዩ ጋ አወራው፣ ቤቱም ገብቶ እራት ላይ ለሚስቱ አወራላት፤ በዚያ አልታጠፍ ባለው ጉልበቱ ተነስቶ አሯሯጧን ጭምር አሳያት። ሚስቱ «ጉድ ነህ አንተ» አለችና ሳህኑን አነሳች።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ነው፤ ከጎኑ የደንበኞች ልብስ በመስቀያ ተንጠልጥሎ ይውላል። እሱ ሲያወራ እሷ ፔዳሉን እየረገጠች ትሰማዋለች፤ አንድ ልጃቸው ተድራ ከወጣች ወዲህ በቤቱ የሚሰማው የእሱ አፍና የእሷ መኪና ብቻ ነው። ሰሞኑን ግን እመቤት፣ እሱ እንደዚያ ነው የሚጠራት፣ ከጥቁር ቀሚስ በቀር አልለብስ አለች። ወንበሯ ላይ የታጠፈ ጨርቅ ታነጥፋለች። ስትነሳ የመኪናውን ጠርዝ ትይዛለች። «ምነው ከሳሽብኝ?» ሲላት «ሙቀቱ ነው» ትለዋለች፣ እሱም «ሙቀቱስ አይጣል ነው» ብሎ ወደ ወሬው ይመለሳል። የሰፈሩን ሁሉ ሕመም በቃሉ የሚያውቅ ሰው!

በዚህ መሃል አንዲት አጥኚ መጣች። ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች፣ ነገር የማታበዛ። የመጣችበት ጉዳይ ግልጽ ነበር። የከተማው ሴቶች በማህፀንና በጡት ሕመም ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሚደርሱት ነገሩ ከከፋ በኋላ ነው። ጤና ጣቢያው ደግሞ አፍንጫቸው ሥር ነው፣ ሐኪሟም አለች፣ ክፍሏ ግን ባዶውን ይውላል። ይባስ ብሎ ካርድ አውጥተው፣ ተራ ይዘው፣ ሳይታዩ የሚጠፉ ሴቶች አሉ። ለምን? ማወቅ የፈለገችው ይህንን ነው። ጠዋት ጠዋት አዳራሹ ጥግ ተቀምጣ ታያለች፤ ከሰዓት በኋላ ሴቶቹን በየቤታቸው እየሄደች ታነጋግራለች።

ጥሩምባው ወንበሩን ለቀቀላት። አስተያየቱንም አልነፈጋትም።

«የኔ ልጅ፣ ሴት ትዕግሥት የላትም። ድስት ጥጄ መጥቻለሁ ትልና እብስ ነው።»

«ይሆናል፣ ጋሼ።»

«ደግሞ ፈሪዎች ናቸው። ቆይ ስለ አንዷ ላጫውትሽ» ብሎ ባለ አረንጓዴ ካፖርቷን ከነሩጫዋ አመጣላት።

አጥኚዋ አልሳቀችም። «ተመልሳ መጣች?» አለችው።

«ማን?»

«ሴትየዋ ነቻ። ታከመች?»

«እኔ እንጃ፣ ማን ያውቃታል ብለሽ! ካርዷንም አላየሁት።»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ይህ ጥያቄ በሐሳቡ ውል ብሎ አያውቅም። ትንሽ ቅር አለው። ወዲያው ግን ካርድ ሰጪዋ በመስኮቱ ካርድ ዘረጋችለት፣ እሱም እጁን አፉ ላይ ክብ አደረገ።

ቤቱ ሲገባ ደረቱን ነፋ። «ይኼን ጥናት እኔ ነኝ የያዝኩት ማለት ይቻላል፤ ልጅቷ ያለ እኔ አትንቀሳቀስም።»

«ሴቶቹ ለምን እንደሚሄዱ ነገርካት?» አለች ሚስቱ፣ ቀና ሳትል።

«ነገርኳት እንጂ።»

«ምን ብለህ?»

«ትዕግሥት የላቸውም ብዬ ነዋ።»

ፔዳሉ ቀጥ አለ። ቆየና እንደገና ተነሳ። እሱ ጫማውን እያወለቀ ስለነበር አላስተዋለም።

ጥናቱ አልቆ ውጤቱ የሚነገር ቀን ሠራተኛው በሙሉ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰበ። ጥሩምባው የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። መቼም በስሙ እንደምታመሰግነው ጥርጥር አልነበረውም። አጥኚዋ ተነስታ ያገኘችውን መናገር ጀመረች። ባሎቻቸው አልፈቅድም ያሏቸው አሉ። ሕፃን የሚይዝላቸው ያጡ አሉ። ጥሩምባው አጠገቡ ወዳለችው ወደ ካርድ ሰጪዋ ዘንበል እያለ «ብያት ነበር እኮ፣ ብያት ነበር» ይላል፤ ያላትን ሳይሆን ያላላትን።

«ካርድ አውጥተው ሳይታዩ የሄዱት ግን» አለች አጥኚዋ፣ «ሁሉም ለማለት ይቻላል፣ ምክንያታቸው አንድ ነው። ጥሪው ነው። ስማቸውና ሕመማቸው በሰው ፊት መጠራቱ። አንዷ፣ ሕመሙን እችለዋለሁ፣ አማቴ በተቀመጠችበት አዳራሽ ‹ማህፀን ወራጅ› መባሉን ነው የማልችለው ብላኛለች። ይህች ሴት አሁን ትልቁ ሆስፒታል ተኝታለች።»

ይህን ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። የማንንም ስም አላነሳች፤ ወደ እሱም አላየች። ያላየችው እሷ ብቻ ነበረች።

ጆሮው ጭው አለ። ፊቱ ጋለ። ልማዱ አይለቅምና ጨዋታ ፈለገ፤ «እንግዲህ ጥሩምባ ስትቀጥሩ…» ብሎ ጀመረ፣ አንድም ሰው አልሳቀለትም፣ የቀረው ቃል አፉ ውስጥ ደረቀ። ካርድ ሰጪዋ ጥፍሯን ታያለች። ኃላፊው «ጥፋቱ የሁላችንም ነው፤ እያየን ዝም ያልነው እኛ ነን» አሉ፣ እውነታቸውንም ነው፣ ለእሱ ግን ምንም አላቀለለለትም። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ስብሰባው ሲያበቃ ሰው እስኪወጣ ድረስ የጫማውን ክር እንደሚያስር ሰው አጎንብሶ ቆየ።

ወደ ቤቱ ሲሄድ ሐፍረቱ መንገድ ላይ ንዴት ሆነለት። ንዴት ሳይሻል አይቀርም፤ ቢያንስ ቀና ብሎ ያስኬዳል። በሩን በርግዶ ገባ።

«ሰማሽ እመቤት ያደረጉኝን! ያንን ትርምስ መልክ ያስያዝኩ ሰው፣ አሁን ሴቶቹ የማይታከሙት በእኔ ምክንያት ነው ተባለ። በእኔ! እኔ ምን አደረግኳቸው? ስማቸውን ጠራሁ! እስቲ አንዲት ሴት፣ አንዲት ብቻ፣ ፊቴ ቆማ አንተ ነህ ያባረርከኝ ትበለኝ!»

ሚስቱ ፔዳሉን አቆመች። መርፌውን ከፍ አደረገች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ የምትሰፋውን ሱሪ አጥፋ አስቀመጠች።

«እኔን አባረኸኛል» አለችው።

«ምን አልሽ?»

«ባለ አረንጓዴ ካፖርቷ ሴት እኔ ነኝ።»

ሊስቅ ፈለገ። «አንቺ ደግሞ! አረንጓዴ ካፖርት ከየት አመጣሽ?»

«የደንበኛ ነው። እንዳሳጥረው የመጣ። እንዳትለየኝ ብዬ ለበስኩት።» እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ነበር የምትናገረው። «ሻይ ልትጠጣ ስትወጣ ጠብቄ ገባሁ። ካርድ ሰጪዋ አታውቀኝም፤ አንተ ስለሌለህም ካርዴን በእጄ ሰጠችኝ። አንተ ሳትመለስ ታይቼ ልወጣ ነበር። አንተ ደግሞ ያን ቀን ቶሎ መጣህ።»

«ምን… ምን ሆነሽ?»

«ደም ነው። አልቆም አለኝ። አሁንም አልቆመም።»

ጥቁሩ ቀሚስ፣ ወንበሩ ላይ የሚነጠፈው ጨርቅ፣ የመኪናው ጠርዝ፣ ሁሉም ባንዴ ፊቱ ድቅን አለ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለአንተ?» አለችው። በቁጣ ብትለው ይሻለው ነበር፤ እሷ ግን ከልቧ ገርሟት ነው የጠየቀችው። «ለአንተ የተነገረ ነገር ሳይነጋ ሻይ ቤት ይደርሳል። የጎረቤታችንን ኪንታሮት ያላወራህለት ማን አለ? የገዛ አክስትህን ሽንት አለመቋጠር ለቅሶ ቤት አላወራህም? ያን ቀን መምህርቷን ስትጠራት ሰማሁህ። ልጃችንን ፊደል ያስቆጠረች ሴት እኮ ናት። የተማሪዎቿ አባቶች ተቀምጠው እያሉ ደሟን አወራህባት። ሰው ሳቀ። አንተም ሳቅህ። ቀጥለህ የምትቀበለው ካርድ የእኔ ነው። ምን ላድርግ? ተነሳሁ። ከኋላዬ የጮህክብኝንም ሰምቻለሁ። እሱ አልበቃ ብሎህ እራት ላይ ደገምክልኝ።»

አሯሯጧን አስመስሎ ያሳየባት ያች የወለል ቦታ እዚያው ፊቱ ነበረች። በእራት ሰዓት እዚህ ቆሞ፣ ጉልበቱን ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ ለራሷ ለሚስቱ… አፈረ። ማፈር እንኳ አይገልጸውም፤ ቆዳውን አውልቆ ቢጥለው በወደደ። ይቅርታ ሊላት አፉን ከፈተ፣ ያ ሁሉ ድምፅ ግን የት እንደገባ እንጃ፣ አልወጣ አለው። ሚስቱም ጥቂት ጠበቀችውና ሱሪውን አንስታ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

በማግስቱ ለመናት። «ነይ፣ ዛሬውኑ እንሂድ፤ ከሁሉ በፊት አስገባሻለሁ።»

«ከሁሉ በፊት ስታስገባኝ ሰው ለምን አይልም? በዚያ አዳራሽ አልቀመጥም።»

«ትልቁ ሆስፒታል እንሂዳ።»

«ያለ ሐኪሟ ወረቀት ማን ይቀበለኛል? ተወኝ፤ እስካሁን ችዬዋለሁ።»

ይኼኔ ነው የምሩን የፈራው። ሴትየዋን ያውቃታላ! አልሄድም ካለች አትሄድም፤ ደሟ ተንጠፍጥፎ ያልቅባታል እንጂ። ኃላፊው ጋ ሄዶ ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ ቆመ። «ጌታዬ፣ ጥሪው ይቅር። ካርዱ ላይ ቁጥር ይደረግ፣ እኔ ቁጥሩን ብቻ በጆሯቸው እነግራቸዋለሁ» አለ። እሳቸውም አጥኚዋ ያቀረበችው ይኸው ነው ብለው ወዲያው ፈቀዱለት። ሕመም ከካርዱ ፊት ላይ ተነሳ፤ የሚጻፈው ውስጥ፣ በሐኪሟ እጅ ሆነ።

ማውራት ቀላል ነው። ያንን ጉሮሮ ዝም ማሰኘት ግን ሌላ ነገር ሆነበት። በታመመ ጉልበቱ በወንበሮቹ መሃል እያነከሰ፣ እያንዳንዷ ጋ ዝቅ እያለ፣ ቁጥሯን በሹክሹክታ ይነግራታል። አንዳንዴ ይረሳና «መጨረሻ…» ብሎ ይጀምራል፤ ምላሱን ነክሶ ያቆመዋል። «ጥሩምባው ውሃ ገባው እንዴ?» ይሉታል የለመዱት ደንበኞች። «ገብቶት ነው» ይላል፣ ያልፋል። አንድ ቀን ያቺ መምህርት መጣች። አጠገቧ ሲደርስ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ፤ ቁጥሯን ነገራት፣ እሷም «እሺ» ብላ ተነሳች።

ማታ ማታ ለሚስቱ ወሬ ማምጣት ተወ። መጀመሪያ አላመነችውም። አንድ እሑድ አንዲት ሴት ቀሚስ ልታሰፋ መጥታ «አሁን እኮ ጤና ጣቢያው ሰው ሆኗል፣ ማን በምን እንደታመመ አይታወቅም» ስትላት ሰማች። ሰኞ ጠዋት እሱ ሳያውቅ መጣች። የሰው ካፖርት አልለበሰችም፤ የራሷን ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ፊቷን ገልጣ፣ ከዓምዱ ወዲህ ተቀመጠች።

ካርዷ እጁ ገባ። በወንበሮቹ መሃል ሄደ፣ አጠገቧ ዝቅ አለ፣ ቁጥሯን ነገራት። «መንገዱ በየት ነው?» አለችው፣ እንደማታውቀው ሁሉ። «በዚህ በኩል፣ እናቴ» አላት፣ ለሌሎቹ እንደሚለው። ወዳጆቼ፣ ሠላሳ ዘመን አብሮ ለኖረ ሰው ይቺ አጭር መንገድ አትሆንም። በሩ ላይ አደረሳትና ውጭ ቆመ።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ሐኪሟ እሱንም አስጠራችው። ሚስቱ መመርመሪያ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን ታደርጋለች። ሐኪሟ በትህትና፣ ግን ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው። የማህፀኗ አፍ ላይ ቁስል አለ፤ አድጓል። ዛሬውኑ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ትልካቸዋለች፤ ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልግ አይቀርም፤ ከዚያ በላይ አሁን ምንም ማለት አትችልም።

«ቀደም ብለው ቢመጡ እዚሁ በቀላሉ የሚነሳ ነበር» አለች ወደ ሚስቱ ዞራ። «እናቴ፣ ቤትዎ እኮ ቅርብ ነው። ለምን ይህን ያህል ቆዩ?»

ሚስቱ ወደ እሱ አላየችም። «ስፌት በዝቶብኝ ነው» አለች።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይችል ነበር። ሚስቱ ሸፍናዋለች፤ የእሱን ገመና ለማንም ሳትሰጥ፣ በሽታዋን ተሸክማ፣ በዚያች አንዲት ቃል ሸፍናዋለች። እሱ የእሷን ስንቴ በትኖታል! ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ አጉረመረመ።

«ምን አሉ ጋሼ? አልሰማሁዎትም» አለች ሐኪሟ።

ደግሞ አጉረመረመ። ከኋላው በሩ፣ ያ የማይገጥም በር፣ ቀስ ብሎ ገርበብ አለ። ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ጉልበት ይታያል።

«አይሰማም እኮ። ጮክ ይበሉ።»

ጥሩምባው ቀና አለ። በሩን አይቶታል፤ ሊዘጋው እጁን አልዘረጋም።

«እሷ አልዘገየችም!» አለ፣ በዚያ በአውቶቡስ በር ላይ በሚታወቅ ድምፁ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። «መጥታ ነበር! ያባረርኳት እኔ ነኝ! አፌን ፈርታ ነው! የገዛ ባሏን አፍ!»

ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሴቶች ዞር አሉ፣ ከዚያ ወዲያ አዳራሹ ውስጥ ያለውም ሰው ዞር አለ። ሚስቱ ጫማዋን አድርጋ ጨረሰችና የአልጋውን ጠርዝ ይዛ ተነሳች።

«በቃ፣ ሰምታሃለች» አለችው በቀስታ። «ና ደግፈኝ።»

ደግፏት ሲወጣ ያ ሁሉ ሰው ያየው ነበር። ማንም አልሳቀም።